የቴኳንዶ ተወዳዳሪን አናኤሮቢክ ብቃት በምን እንለካ? ብስክሌቱ ያላሳየው የሦስተኛው ዙር ድካም

ጥያቄ፦ «በሐዋሳ የቴኳንዶ አሠልጣኝ ነኝ፤ ተማሪዎቼ የሚወዳደሩት በደብሊውቲ (ወርልድ ቴኳንዶ በተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት) ሕግ ነው። ባለፈው ዓመት የአንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ክፍል ልጆቹን በብስክሌት ላይ የ30 ሰከንድ ፈተና ፈትኖልን ነበር። አንደኛ የወጣው ልጅ ውድድር ላይ ሦስተኛው ዙር ሲደርስ እግሩ አይነሳለትም። በዚያው ክብደት የሚጫወተው ጓደኛው ደግሞ በብስክሌቱ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር፤ ሆኖም ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ ያጠቃል። የትኛውን ልመን? ላብራቶሪ ሳያስፈልገኝ እዚሁ በምንሠራበት አዳራሽ አናኤሮቢክ ብቃታቸውን (ጡንቻቸው ያለ ኦክስጅን በአጭር ጊዜ የሚያወጣውን ጉልበት) የምለካበት፣ ለስፖርቱ የተዘጋጀ ፈተና አለ ወይ?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ለቴኳንዶ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ከሰዓት፣ ከመምቻ ከረጢትና ከደረት መከላከያ በቀር ሌላ መሣሪያ የማይጠይቅ ፈተና አለ፤ አፈጻጸሙን ወደ ታች በዝርዝር እገልጻለሁ። አስቀድሞ ግን ብስክሌቱ ምን እንደለካልዎት ማወቅ ይገባል። ይህ ካልታወቀ የአዲሱ ፈተና ውጤትም በትክክል ሳይነበብ ይቀራል፤ የሁለቱ ልጆች ነገርም እንደተድበሰበሰ ይኖራል።

ከገለጻዎ እንደምረዳው ልጆቹ የተፈተኑት ዊንጌት የተባለውን ፈተና ነው። ይህ ፈተና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በእስራኤል በሚገኘው የዊንጌት ተቋም የተዘጋጀ ነው። ተቋሙ የተሰየመው አዲስ አበባ ያለው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በተሰየመለት በዚያው እንግሊዛዊ መኮንን ስም ስለሆነ፣ ስሙ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ተፈታኙ በሰውነቱ ክብደት ልክ የተመጠነ ጭነት በተደረገበት ብስክሌት ላይ ሆኖ 30 ሰከንድ ሙሉ ያለ ምንም ቁጠባ ይገፋል። የተለመደው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 75 ግራም ስለሆነ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 4.5 ኪሎ ጭነት ይገፋል ማለት ነው። ከፈተናው ሦስት ቁጥሮች ይገኛሉ፤ እነሱም ብዙውን ጊዜ በ5 ሰከንድ ውስጥ የታየው ከፍተኛ ጉልበት፣ የ30ው ሰከንድ አማካይ ጉልበትና ከከፍተኛው እስከ ዝቅተኛው ያለው የመውረድ መቶኛ ናቸው።

ስለ እግር ጡንቻ ጥሬ ጉልበት ለማወቅ ከዚህ የተሻለ የተፈተሸ መለኪያ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው ክብደቱን የሚሸከምለት ኮርቻው ነው፤ የሚገፋው በሁለቱም እግሮቹ ነው፤ ሚዛን መጠበቅ፣ ዳሌን ማዞርና እግርን መልሶ መሰብሰብ አይጠበቅበትም። ቴኳንዶ ተጫዋች በአንድ እግሩ ቆሞ በሌላው ይመታል፤ የሚመታውም ለ30 ሰከንድ ሳያቋርጥ ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ በምትፈጅ ጥቃት ነው። ከዚያ በኋላ ዙሪያውን እየተንቀሳቀሰ፣ እየተጠባበቀና እያታለለ ከጥቃቱ ብዙ እጥፍ የሚረዝም ጊዜ ያሳልፋል። ልዩነቱ የእንቅስቃሴ ብቻም አይደለም፤ ጉልበቱ የሚቀዳበት ምንጭ ራሱ ይለያያል።

ጡንቻ የሚሠራበትን ጉልበት ከሦስት ቦታ ያገኛል። የመጀመሪያው በጡንቻው ውስጥ ተከማችቶ የሚጠብቀው ፎስፎክሬቲን ነው፤ ወዲያው ይደርሳል፣ በሙሉ ኃይል ከተሠራ ግን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይሟጠጣል። ሁለተኛው ስኳርን ያለ ኦክስጅን በመሰባበር የሚገኘውና ላክቴት የተባለውን ተረፈ ምርት የሚያስከትለው ነው። ሦስተኛው ኦክስጅንን የሚጠቀመው፣ ዘገምተኛ ሆኖ ለረጅም ጊዜ የሚዘልቀው ነው። በዊንጌት ፈተና ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉ ከሁለተኛው፣ 30 በመቶ ገደማው ከመጀመሪያው፣ አንድ አምስተኛ የሚጠጋው ደግሞ ከሦስተኛው ምንጭ እንደሚመጣ ተለክቷል። በሦስት የሁለት ደቂቃ ዙሮች በተካሄደ የቴኳንዶ አስመስሎ ግጥሚያ ላይ የተደረገው ልኬት ያሳየው ግን ፍጹም ሌላ መልክ ነው፤ ወደ 66 በመቶ የሚሆነው ጉልበት በኦክስጅን፣ ወደ 30 በመቶ የሚሆነው በፎስፎክሬቲን ሲሸፈን፣ የላክቴቱ መንገድ ድርሻ 4 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር። አስመስሎ ግጥሚያ የእውነተኛውን ውድድር ፍርሃትና ግለት ስለማይይዝ በውድድር ሜዳ የላክቴቱ ድርሻ ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል፤ የድርሻዎቹ ቅደም ተከተል ግን ይገለበጣል ብዬ አልጠብቅም።

ከዚህ የምንረዳው ወሳኙ ጥቃት አናኤሮቢክ ቢሆንም፣ በጥቃትና በጥቃት መካከል የተሟጠጠውን ፎስፎክሬቲን መልሶ የሚሞላው ኦክስጅን መሆኑን ነው። ስለዚህ «ሦስተኛው ዙር ላይ እግሩ አይነሳለትም» ሲሉኝ በመጀመሪያ የምጠረጥረው አናኤሮቢክ ብቃቱን ሳይሆን የማገገም አቅሙን ነው። ዛሬ ዙሮች ለየብቻ በሚቆጠሩበትና ሁለት ዙር ያሸነፈ ግጥሚያውን በሚያሸንፍበት ሕግ፣ ሦስተኛው ዙር የሚካሄደው ሁለቱ ተጋጣሚዎች አንድ አንድ ሲሆኑ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የቀድሞ ነጥብ አያድንም፤ ያገገመው ያሸንፋል። ይህንን ጥርጣሬ ለማጣራት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በድምፅ ምልክት ፍጥነቱ እየጨመረ የሚሄደውን የ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ ሁሉንም ልጆች ያስሩጧቸውና የሁለቱን ውጤት ያነጻጽሩ።

በነገራችን ላይ፣ በየማሠልጠኛው «ላክቲክ አሲድ ያዘኝ» እየተባለ በማግስቱ ለሚሰማው የጡንቻ ሕመም ላክቴት ተጠያቂ አይደለም። ላክቴት ከሥራው በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጠራል፤ የማግስቱ ሕመም የሚመጣው በጡንቻ ክሮች ላይ ከሚደርስ ጥቃቅን ጉዳት ነው። ይህን የማነሳው ላክቴት መለኪያ ልግዛ ብለው የሚጠይቁኝ አሠልጣኞች ስላሉ ነው። ገንዘቡ ካለዎት እንኳን ለጊዜው ለሌላ ነገር ያውሉት።

አሁን ወደ ስፖርት ተኮር ፈተናዎች እንለፍ። በማርሻል አርት ዓለም ከዚህ ዓይነቱ ፈተና በስፋት የሚታወቀው የጁዶው ነው፤ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ስቴርኮቪች በ1995 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው። ሦስት በክብደት ተቀራራቢ የሆኑ ጁዶኛዎች ይቆማሉ፤ ሁለቱ በ6 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ሲቆሙ ተፈታኙ ከመካከላቸው ይነሳና ወደ አንዱ ሮጦ ኢፖን ሴዮ ናጌ በተባለው በትከሻ አሻግሮ የመጣል ስልት ይጥለዋል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሮጦ እንዲሁ ያደርጋል። ይህን በመጀመሪያ ለ15 ሰከንድ፣ ቀጥሎ ለ30 ሰከንድ፣ በመጨረሻም ለሌላ 30 ሰከንድ ይደጋግማል፤ በመካከሉ የሚያርፈው 10 ሰከንድ ብቻ ነው። በሦስቱም ስንት ጊዜ እንደጣለ ይደመራል፣ የልብ ምቱ እንደጨረሰና ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይለካል፣ የሁለቱ ልብ ምቶች ድምር በጥሎች ብዛት ይካፈላል። ለምሳሌ 180 እና 150 የልብ ምት ያስመዘገበና 27 ጊዜ የጣለ ተወዳዳሪ 330 ለ27 ተካፍሎ 12.2 ያገኛል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውጤቱ የተሻለ ነው።

የጁዶውን ያነሳሁት ሁለት ነገር ስለሚያስተምር ነው። አንደኛ፣ ፈተናው የስፖርቱን እንቅስቃሴ ስለያዘ ብቻ ንጹሕ አናኤሮቢክ ፈተና አይሆንም፤ በዚህ ፈተና ላይ የጉልበት ምንጮች ድርሻ ሲለካ 42 በመቶ ገደማው ከፎስፎክሬቲን፣ ቀሪው ከላክቴቱ መንገድና ከኦክስጅን በተቀራረበ መጠን የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለተኛ፣ የልብ ምትን ከሥራው ብዛት ጋር አንድ ቁጥር አድርጎ መጨፍለቅ አሳሳች ሊሆን ይችላል። ከልክ በላይ ሠልጥኖ የዛለ ስፖርተኛ ልቡ እንደ ወትሮው ከፍ ሳይል ይቀራል፤ ያ ልጅ ተመሳሳይ የጥሎች ብዛት ካስመዘገበ ስሌቱ «ተሻሽሏል» ይላል፤ አሠልጣኙም ጫናውን ጨምሮ ጭራሹን ይሰብረዋል። እኔ ጥሎቹንም የልብ ምቱንም ለየብቻ ጽፎ ማንበብ ይሻላል እላለሁ።

የቴኳንዶው ፈተና የምት ድግግሞሽ ፈተና ልንለው የምንችለው ነው፤ የመነጨውም ብራዚል ውስጥ በጁዶውም በቴኳንዶውም ላይ ብዙ ከሠሩ ተመራማሪዎች ነው። ሁለት መልክ አለው። አጭሩ ለ10 ሰከንድ ብቻ ቀኝና ግራ እያፈራረቁ በተቻለ ፍጥነት ባንዳል ቻጊ (ከጎን ዞሮ የሚያርፍ የእግር ምት) መምታት ነው። ረጅሙ ይህንኑ አምስት ጊዜ መድገም ሲሆን በየመካከሉ 10 ሰከንድ ይታረፋል፤ መላው ፈተና በ90 ሰከንድ ያልቃል። ለእርስዎ የምመክረው ረጅሙን ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ዙር የአጭሩን ፈተና መረጃ ስለሚሰጥዎት አንድ ጊዜ ፈትነው ሁለቱንም ያገኛሉ።

አፈጻጸሙ ላይ ጥንቃቄ ካልተደረገ ግን ቁጥሩ ዋጋ አይኖረውም፤ ብዙ ቦታ ሲበላሽ የማየውም እዚህ ላይ ነው። የደረት መከላከያውን መሬት ላይ በሚቆም ከረጢት ላይ አጥብቀው ይሰሩት፤ የሚወዛወዝ ተንጠልጣይ ከረጢት ከሆነ ያለዎት፣ አንድ ሰው ከኋላ በትከሻው ይደግፈው። በመከላከያው ላይ ከተፈታኙ እምብርት ከፍ ብሎ፣ ከደረቱ አጥንት በታች የሚያርፍ ባለቀለም ፕላስተር ይለጥፉ፤ ይህ ከፍታ ለእያንዳንዱ ልጅ ተለክቶ በመዝገብ ይያዝ። ርቀቱን ተፈታኙ ራሱ ይምረጥ፤ የመረጠው ቦታ ግን ወለሉ ላይ ምልክት ተደርጎ በሚቀጥለውም ፈተና ያው ይሁን። የሚቆጠረው የእግሩ የላይኛው ጎን ፕላስተሩን ነክቶ፣ እግሩ መሬት ከነካ በኋላ ሌላኛው እግር የተነሳበት ምት ብቻ ነው። ይህ የመጨረሻው ደንብ አስፈላጊ የሚሆነው ሲደክማቸው እግራቸውን ግማሽ ድረስ ብቻ አንስተው መከላከያውን እየዳሰሱ የሚመልሱ ልጆች ስላሉ ነው፤ በዓይን ብቻ ሲታይ ፍጥነት ይመስላል።

በዓይን መቁጠሩንም አላምንበትም። ልምድ ያለው ተወዳዳሪ በመጀመሪያው 10 ሰከንድ ወደ 20 የሚጠጋ ምት ስለሚሰነዝር፣ በሰከንድ ሁለት ምት የሚቆጥር ሰው አንዱን ቢዘል የሚደንቅ አይደለም። ስልክዎን ከጎን በኩል፣ በዳሌ ከፍታ አቁመው ይቅረጹና በዝግታ እያጫወቱ ይቁጠሩ፤ ጅማሬና ፍጻሜ የሚነገረው በድምፅ ከሆነም ድምፁ በቀረጻው ውስጥ ስለሚሰማ የ10 ሰከንዱ ወሰን አያከራክርም።

የውጤቱን አነባበብ በምሳሌ ላሳይ። አንድ ልጅ በአምስቱ ዙሮች 21፣ 20፣ 19፣ 18 እና 17 ምት መታ እንበል፤ ድምሩ 95 ነው። ሌላው 18፣ 18፣ 18፣ 17 እና 18 መታ፤ ድምሩ 89 ነው። የመውረዱ መጠን የሚሰላው ድምሩን ከሁሉ የበለጠው ዙር በአምስት ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር በማካፈል፣ የተገኘውን ከ1 በመቀነስና በ100 በማባዛት ነው። የመጀመሪያው ልጅ 95 ለ105 ተካፍሎ 9.5 በመቶ ሲወርድ፣ ሁለተኛው 89 ለ90 ተካፍሎ 1.1 በመቶ ብቻ ይወርዳል። የመውረዱን መቶኛ ብቻ የተመለከተ አሠልጣኝ ሁለተኛው ልጅ ጽኑ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ነገር ግን «ደካማው» ልጅ ስድስት ምት በልጦ መምታቱ አይታየውም። ሁለተኛው ልጅ ምናልባት ፈጽሞ አልደከመም ይሆናል፤ የሚመጡትን አራት ዙሮች እያሰበ ጉልበቱን አብቃቅቶ ነው የሠራው።

ስለዚህ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ አስቀድሞ የመጀመሪያውን ዙር፣ ቀጥሎ ድምሩን፣ በመጨረሻም፣ ያውም በጥርጣሬ፣ የመውረዱን መቶኛ። በዚህም በሌሎች ተደጋጋሚ ፈተናዎችም ድምሩ ሲደገም ተቀራራቢ ሆኖ ሲገኝ፣ የመውረዱ መቶኛ ግን ያው ሰው በዚያው ሳምንት ቢፈተን እንኳን የሚዋዥቅ መሆኑ የታወቀ ነው። ቁጠባን ለመቆጣጠር ከቀናት በፊት አንድ የ10 ሰከንድ ፈተና ለብቻው ያስመቷቸው፤ በረጅሙ ፈተና የመጀመሪያ ዙር ላይ ከዚያ ቁጥር ከሁለት በላይ የጎደለ ልጅ ቆጥቧልና ሌላ ቀን ይድገም።

የመሻሻል ጉዳይም አለ። ልጆቹን አንድ ጊዜ ለልምምድ፣ ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለት የተለያዩ ቀናት ይፈትኗቸው። አንድ ልጅ በአንዱ ቀን 95፣ በሌላው 92 ቢያመጣ የሦስቱ ምት ልዩነት ከሥልጠና የመጣ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። እንግዲህ ከስድስት ሳምንት ዝግጅት በኋላ 96 ቢያመጣ ተሻሻለ ለማለት አያስደፍርም፤ 101 ቢያመጣ ግን አንድ ነገር ተለውጧል።

ፈተናው አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ፍጥነትን እንጂ ጥንካሬን አይቆጥርም። በውድድር የሚለበሰው ኤሌክትሮኒክ መከላከያ ግን በየክብደቱ ከተወሰነ ኃይል በታች ለሆነ ምት ነጥብ አይሰጥም። የተቆጠሩት 17ቱ የአምስተኛ ዙር ምቶች ስንቶቹ ነጥብ ያስገኙ ነበር? ክለብዎ ወይም የክልሉ ፌዴሬሽን ኤሌክትሮኒክ መከላከያ ካለው፣ ለልጁ ክብደት በተወሰነው መጠን ላይ አድርገው ፈተናውን በእሱ ላይ ቢያካሂዱት ጠቅላላ ምቶችንና ነጥብ የሚያስገኙ ምቶችን ጎን ለጎን ማየት ይችላሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከዙር ወደ ዙር እየሰፋ መሄዱ ከማንኛውም መቶኛ የበለጠ ይነግርዎታል። በአይቲኤፍ (ከደብሊውቲ የተለየ ሕግ ባለው ሌላ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን) ስልት የሚጫወቱ አሠልጣኞች ደግሞ እዚያ በእጅ ፊትን መምታት የተፈቀደና የሚያስቆጥር ስለሆነ፣ ይህ የእግር ብቻ ፈተና ጨዋታቸውን በከፊል ብቻ እንደሚወክል ልብ ይበሉ።

አሁን ሁለቱን ፈተናዎች አንድ ላይ አድርገን ወደ ልጆቹ እንመለስ። በብስክሌቱ አንደኛ የወጣው ልጅ በምት ፈተናው የመጀመሪያ ዙር ላይም ከፍተኛ ሆኖ ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ከወደቀ፣ ጉልበት አለው፣ የሚያንሰው ማገገም ነው፤ የምልልስ ሩጫው ውጤትም ዝቅ ብሎ ከተገኘ መድኃኒቱ የኦክስጅን አቅምን የሚያሳድግ፣ ሥራና እረፍት የሚፈራረቁበት (ኢንተርቫል) ሥልጠና ነው እንጂ ተጨማሪ የ30 ሰከንድ ግፊያ አይደለም። በብስክሌቱ ከፍተኛ ሆኖ በመጀመሪያው ዙር ገና ከጅምሩ አነስተኛ ከሆነ ግን ችግሩ ያለው ጉልበቱን ወደ ምት በመለወጡ ላይ ነው፤ ዳሌው፣ የቆመበት እግሩና እግሩን የሚሰበስብበት መንገድ ይታይ። ጓደኛው ደግሞ በምት ፈተናው የመጀመሪያ ዙር አማካይ ሆኖ ድምሩ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ግጥሚያ ላይ ያዩት ነገር ተረጋገጠ ማለት ነው፤ እርሱን ማሠልጠን የሚገባው በቅጽበት በሚወጣ ከፍተኛ ጉልበት ላይ ነው። ስለዚህ ስፖርት ተኮር ፈተና ተገኘ ብለው ብስክሌቱን አይጣሉት፤ ዕድሉን ካገኙ በዓመት አንድ ጊዜ ቢደግሙት ይጠቅማል።

በመጨረሻ ስለ ሁኔታዎች። የአጭር ጊዜ ከፍተኛ ጉልበት ከማለዳ ይልቅ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ፈተናው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። ክብደት እየቀነሰ ያለን ልጅ፣ ያመመውንና በዋዜማው ከባድ የልምምድ ግጥሚያ (ስፓሪንግ) የሠራን አይፈትኑ። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን የሚጾሙ ልጆች ካሉ ውጤታቸው ከጾም ውጪ ከተገኘው ጋር አይነጻጸር፤ መፈተኑ ግድ ከሆነ ምግብ ከቀመሱ ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ ይሁን። እንደጨረሱ ወለሉ ላይ እንዳይዘረጉ፣ ለጥቂት ደቂቃ እየተራመዱ እንዲቀዘቅዙ ያድርጉ፤ በልጅነቱ የልብ ችግር ያለበት ወይም በሥልጠና መሐል ራሱን ስቶ የሚያውቅ ተማሪ ያለ ሐኪም ፈቃድ ወደዚህ ፈተና አይግባ።

ለውድድር አዲስ አበባ ሄደው እዚያ ሊፈትኗቸው ካሰቡም አንድ ነገር ያስቡበት። ሐዋሳ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ፎስፎክሬቲኑ ተከማችቶ የሚጠብቅ ስለሆነ የመጀመሪያው 10 ሰከንድ በከፍታው ብዙም አይነካም፤ መልሶ የሚሞላው ግን በኦክስጅን በመሆኑ በኋለኞቹ ዙሮች ላይ ጥቂት ምት ሊጎድል ይችላል። የአዲስ አበባውን ውጤት በሌላ ዓምድ ይመዝግቡት፤ በዚያው ከተማ ለሚደረገው ቀጣይ ውድድር መነሻ ይሆንዎታል።